ሆን ብሎ የወደቀው ፈተና

በስቴድማን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ በየነሐሴው አንድ የታወቀ ሥራ አለ፤ እሱም ደደብ መምሰል ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቹ በሙሉ ኮምፒውተር ክፍል ገብቶ የጭንቅላት ፈተና ይቀመጣል። ቃላት ያሳዩሃል፣ ይደብቁብሃል፣ የትኞቹን እንዳየህ ይጠይቁሃል። ቅርጽ ይመጣል፣ ቀለም ይመጣል፣ ቶሎ ንካ ይሉሃል። ያመጣኸው ውጤት “ጤነኛ ሳለህ እንዲህ ነህ” ተብሎ ይያዝልሃል። በውድድሩ መሀል ጭንቅላትህን ተመትተህ ስትወድቅ ያንኑ ፈተና ድጋሚ ትቀመጣለህ፤ ከነሐሴው ከወረድክ አትጫወትም፣ ካልወረድክ ሄልሜትህን አጥልቀህ ትወጣለህ። እንግዲህ የቀረውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በነሐሴ ከታች ከጀመርክ በጥቅምት የምትወርድበት ቦታ የለህም።

ነባሮቹ ይህን ለአዲሶቹ የሚያስተምሩት ገና የመኝታ ክፍላቸውን ቁልፍ ሳይቀበሉ ነው። ችግሩ፣ ፉትቦል ተጫዋችን ደደብ ሁን ሲሉት ልኩን አያውቅም። ኳሱን ከመሬት አንሥቶ ለወርዋሪው ለኳርተርባኩ የሚያቀብለውና ፊት ለፊቱ ቆሞ ከምት የሚከላከልለት ትሬቨን፣ በር የሚያህል ልጅ፣ አንድ ዓመት ሁሉንም ጥያቄ ተሳስቶ ቁጭ አለ። ማሽኑ “ይሄ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ሞቷል” እንደማለት ቀይ ምልክት አወጣበት፤ የቡድኑ ወጌሻ ሚስ ዶናም እየጎተተች እንደገና አስቀመጠችው። ቡድኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅበት ከረመ።

ይህን ችግር የፈታላቸው ዌስ ነው።

ዌስሊ ኦስትሮም ኳርተርባኩ ነው፤ ኳሱን የሚወረውረው፣ ሌላውን ሁሉ ሜዳ ላይ የሚያዘው፣ የከተማው ፀጉር አስተካካይ ተራ ሳያስጠብቅ የሚቆርጠው ልጅ። ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሲቪል ምሕንድስና ነበር የሚያጠናው፤ እሱንም ለስሙ ሳይሆን ከምሩ። ጓደኞቹ አውቶቡስ ውስጥ ሲያንኮራፉ እሱ የድልድይ ሥዕል ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ከክብደት ማንሻው ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሮጥ የሚበላው በኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነው፤ እሱንም ቆሞ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ስሙ “ፕሮፌሰር” ነው። የምሕንድስና ተማሪዎቹ ደግሞ “ኳሱ” ይሉታል። ሁለቱም ስድብ መሆናቸውን ያውቃል፤ ሁለቱንም ይወዳቸው ነበር።

እና ይህ ልጅ ፈተናውን እንደ ምሕንድስና ጥያቄ ያዘው። የትኛው ላይ ቢዘገይ ማሽኑ እንደማይጠረጥር፣ የትኛው ላይ ጨርሶ መሳሳት እንደሌለበት፣ የሞተ ሳይሆን ትንሽ የፈዘዘ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ አጠና። ከዚያ መልበሻ ክፍል ወንበር ላይ ወጥቶ አስተማራቸው።

“ድልድይ ስትሠራ” አላቸው፣ “ከሚያልፍበት መኪና በላይ እንዲሸከም አድርገህ ነው የምትሠራው። ያ ተጨማሪው የደህንነት ትርፍ ይባላል። እኛም ለጭንቅላታችን ትርፍ እናስቀምጣለን።”

“እኔ ጋ የሚተርፍ ጭንቅላት የለም” አለ ትሬቨን።

“ላንተ ከኔ አበድርሃለሁ።”

በሳቅ ሞቱ። በዚያ ነሐሴ ቀይ ምልክት የወጣበት አንድም ተጫዋች አልነበረም። ዌስ ለራሱ ከሁሉም የሰፋ ትርፍ አስቀመጠ፤ ዝቅ አለ፣ በጣም ዝቅ አለ፣ ግን በሥርዓት። ከክፍሉ ሲወጣ እያፏጨ ነበር። በዕድሜው እንደዚያ ቀን በሥራው ኮርቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ምሕንድስና ክፍል ውስጥ ደግሞ ፕሮፌሰር ቮይት ነበሩ። መዋቅር የሚያስተምሩ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ስፖርተኛን ከነጫማው የሚጠሉ ሴት ናቸው። የቡድኑን ጃኬት የለበሰ ተማሪ ሲገባ ካዩ “ማርክ የሚሰጥህ ሰው ሌላ ሕንፃ ነው ያለው” ይሉታል። ዌስንም ይህንኑ ብለውታል። አንድ ቀን ግን የድልድይ አግዳሚ ሰሌዳው ላይ ሣሉ፣ ጭነቱን ከላይ ጫኑበት፣ “ቀድሞ የት ጋ ነው የሚሰበረው?” ብለው ጠየቁ። ሌላው ካልኩሌተር ፍለጋ ቦርሳውን ሲበረብር ዌስ ከኋላ ወንበር “ከግራው ድጋፍ ትንሽ አለፍ ብሎ” አለ። አስልቶ አይደለም፤ ታይቶት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ጭነት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ይታየዋል። ሜዳም ላይ ተከላካዮቹ ከመነሣታቸው በፊት ወዴት እንደሚሮጡ ይታየዋል። ለሱ ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ።

ቮይት ትኩር ብለው አዩት። ከክፍል በኋላ ቢሮአቸው ጠሩት።

“ለስፖርተኛ ጥሩ ቃል ሰጥቼ አላውቅም” አሉት። “አንተ ይህን ኮርስ እንዳያያዝህ ከጨረስክ ግን፣ ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ደውዬ እነግርልሃለሁ።”

“አመሰግናለሁ ፕሮፌሰር።”

“አታመስግነኝ። ጨርሰው።”

የዌስ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነበር። በሚያዝያ ይመረቃል፤ በደመወዝ የሚያጫውቱት ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡትም ያኔ ነው። ከመረጡት ይጫወታል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ድልድይ ይሠራል። ካልመረጡት በማግሥቱ ድልድይ ይሠራል። የወተት መኪና የሚነዳው አባቱ ቬርን የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። “ድልድይ ማንም ይሠራል” ይላል። ዌስ ግን አንዱን ምረጥ ቢባል የቱን እንደሚመርጥ ልቡ ያውቀው ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰም እንጂ። ክንድ ይደክማል፣ ጉልበት ይወልቃል፤ ያ የሚታየው ነገር ግን የራሴ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም ብሎ ነበር የሚያስበው።

የቀድሞ ተመራቂዎች ልጆቻቸውን ይዘው በሚመጡበት በጥቅምቱ ጨዋታ ነው ተጋጣሚዎቹ ዌስን የመቱት። ኳሱን ለቆት እጁ ገና አየር ላይ ሳለ ከጎኑ ገቡበት። ኳሱ ደርሶ ስታዲየሙ ለነጥቡ ሲጮህ፣ እሱ የጭንቅላቱ ጀርባ ከመሬት ተላትሞ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ተነሣ። ተነሥቶም ወደ ተጋጣሚው ቡድን መራመድ ጀመረ። ትሬቨን ማልያውን ይዞ መለሰው።

“በዚህ ነው፣ ፕሮፌሰር።”

“አውቃለሁ።”

“ታውቃለህ፣ እሺ። ግን በዚህ ነው።”

ዶና ጣቷን ዓይኑ ፊት አመላለሰች፣ የት እንዳለ ጠየቀችው፣ ቀኑን ጠየቀችው። ሁሉንም መለሰ። ለቀሪው ጨዋታ ግን አስቀመጠችው፤ ሰኞ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለህ አለችው። እሑድን መጋረጃ ዘግቶ ዋለ። ትንሽ ብርሃን በገባ ቁጥር ሕመሙ ጥርሱ ሥር ድረስ ይሰማው ነበር።

ሰኞ ተቀመጠ፤ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ሞከረ። ቃላቱ ገና ሳይዛቸው ያመልጡታል፣ ጣቱ ከዓይኑ ኋላ ይቀራል። ሲጨርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። ዶና ያሁኑን አየች፣ የነሐሴውን አየች።

“ይገርማል” አለች። “ከነሐሴው ትንሽ ይሻላል።”

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ፊቱን አጠናችው። ዶና ሞኝ አይደለችም። ልጆቹ በነሐሴ ምን እንደሚሠሩ ሥራ ከጀመረች ጀምሮ ታውቃለች፤ አውቃለሁ ካለች ግን የሚጫወት ቡድን አይኖርም።

“ዌስ፣ ለኔ ንገረኝ” አለችው። “እውነት ደህና ነህ?”

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰው የሚናደደው። ሴትዮዋ ጠየቀችው፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ግን ቅዳሜ የትልቅ ቡድን መልማይ ሊያየው ይመጣል፤ አባቱም የወተት መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ ሊመጣ ነው። ደግሞስ ትርፍ አስቀምጦ የለም እንዴ? ያስቀመጠው ለዚህ ቀን አይደል?

“ደህና ነኝ፣ ሚስ ዶና። እንቅልፍ አጥቼ ነው።”

ቅዳሜ ተጫወተ፤ አሸነፉ። መልማዩ እጁን ጨበጠው፣ አባቱ ሆቴል ወስዶ ሥጋ ጋበዘው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተጫወተ፣ እዚያም መቱት። ከዚያም በኋላ እንደዚሁ። አንዱም ምት ለብቻው ሲታይ ይሄ ነው የሚባል አልነበረም፤ ተነሥቶ ሣሩን ከማልያው ላይ አራግፎ ይቀጥላል። ራስ ምታቱን በክኒን፣ ብርሃኑን በኮፍያ ቻለው።

ያልቻለው ሌላ ነገር ነው። የድልድዩን ሥዕል ዘርግቶ ሲያይ የሚያየው መስመር ብቻ ሆነ። መስመርና ቁጥር። ጭነቱ አይሄድም፣ ብረቱ ዝም ብሏል። መጀመሪያ ደክሞኝ ነው አለ። ከዚያ እሺ፣ ካልታየኝ እንደ ማንኛውም ሰው ላስላው ብሎ ካልኩሌተር ያዘ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ከየት እንደተነሣ ይጠፋዋል። አንዱን ዓረፍተ ነገር እየመለሰ እየመለሰ ያነበዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ያቺን ዳቦውን ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ይልና መብላቱን ይረሳዋል። ፈራ። ፍርሃቱንም እንደ ራስ ምታቱ ይዞት ዞረ።

የቮይትን የአጋማሽ ፈተና ወደቀ። ወደቀ ስላችሁ፣ ስሙን ጽፎ ነው የመለሰው ማለት ይቻላል። በማግሥቱ ፕሮፌሰር ቮይት ክፍል ገብተው ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ጠሩት።

“ኦስትሮም፣ ኮፍያህን አውልቅና ወደ ሰሌዳው ና።”

ያንኑ አግዳሚ ሣሉለት። ያኔ ከኋላ ወንበር ሆኖ የመለሰውን፣ ያንኑ ራሱን። ጠመኔውን ሰጡት።

“የት ጋ ነው የሚሰበረው?”

ዌስ ቆመ። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ሰሌዳው ላይ እየነጠረ ዓይኑን ይወጋዋል። መስመር፣ ቀስት፣ ሌላ መስመር። ከኋላ አንዱ “ዳኛውን ዕረፍት ጠይቅ፣ ኳሱ” አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ያኔ ምን ብሎ እንደመለሰ ለማስታወስ ሞከረ፤ እሱም ጥርት ብሎ አልመጣለትም።

“ከቀኙ ድጋፍ አለፍ ብሎ” አለ።

“ይበቃል፣ ተቀመጥ” አሉ ቮይት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ከክፍል በኋላ ቢሮአቸው ቁጭ ብለው ነበር የጠበቁት፤ እሱን ግን ተቀመጥ አላሉትም።

“የቤት ሥራህን ማን ነበር የሚሠራልህ?”

“ራሴ ነኝ፣ ፕሮፌሰር።”

“ያን ቀንስ መልሱን ማን ሹክ አለህ?”

“ማንም። ታየኝ።”

“ታየህ።” መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “እዚህ ስንት ስፖርተኛ መጥቶ ሄዷል፤ አንዱም አላታለለኝም። አንተን ለይቼ፣ እስክትጨርስ እንኳ ሳልጠብቅ፣ ለሰዎች ደወልኩ። አሁን እንደገና ደውዬ ተሳስቼ ነበር ልላቸው ነው። ተሳስቻለሁ ማለት ደግሞ አልወድም።”

“ፕሮፌሰር፣ ጭንቅላቴን ተመትቼ . . .”

“እሱንም ጠይቄአለሁ። ታሞ ይሆናል ብዬ አሰልጣኝህ ጋ ደውዬ ነበር። ተመርምሯል፣ ጤነኛ ነው አለኝ። እንዲያውም ከነሐሴ ይሻላል አለኝ።” መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “በሩን ስትወጣ ዝጋው።”

ዌስ በቀጥታ ዶና ጋ ሄደ። የአንዱን ልጅ ቁርጭምጭሚት እየጠቀለለች ነበር፤ እስክትጨርስ ጥግ ይዞ ቆመ። ልጁ ሲወጣ በሩን ዘጋው።

“የነሐሴው ውሸት ነው” አላት።

“ምን ያህል ውሸት?”

“በጣም። ዘዴውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሚስ ዶና፣ እዚህ ውስጥ የነበረ ነገር ሄዷል። ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት።” አለቀሰ። ሰው ፊት ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ዶና የተረፈውን ፋሻ ቀስ ብላ ጠቀለለችው። “ና” አለችው፣ “ኮች ጋ እንሂድ።”

አሰልጣኙ ኮች ዱገን ሱፍ እየፈለፈለ ልጣጩን ወረቀት ኩባያ ውስጥ የሚተፋ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ለዚህም ደግ ሰው ነው ይሉታል። ዌስን እስከ መጨረሻው ሰማው።

“እንዳልሳሳት ልድገመው” አለ። “በነሐሴ ዋሽተሃል።”

“አዎ፣ ኮች።”

“አሁን ግን እውነቱን ነው የምትናገረው።”

“አዎ።”

“በዚያው አፍህ።” ልጣጭ ተፋ። “ልጄ፣ ያንን ፈተና ያጭበረበረ ከቡድኑ ይሰናበታል፤ ደንቡን ታውቀዋለህ። የትምህርት ክፍያህን የሚችልልህ ደግሞ ቡድኑ ነው። አንተ ብቻ ብትሆን እሺ፣ እያዘንኩ እሸኝህ ነበር። ግን ያስተማርካቸው አሉ አይደል? ወንበር ላይ ወጥተህ ነው አሉ። ትሬቨንም አለበት? ያ ሕፃን የወለደው?”

ኮች ከዌስ ወደ ዶና ዞረ።

“ዶና፣ ልጁ ምን ሆኛለሁ አለሽ?”

ዶና ወደ ዌስ አየች፣ ከዚያ ወደ ወለሉ።

“ደክሞኛል አለኝ” አለች።

“ደክሞት ነው። ማን ያልደከመው አለ?” ኮች ተነሥቶ የዌስን ትከሻ መታ መታ አደረገው። “ያቺን የምሕንድስና ሴትዮ ተዋት። ቀለል ያለ ትምህርት ያስይዙሃል፤ ስፖርት አስተዳደር የሚባል አለ። እኔም የተማርኩት እሱን ነው፤ ይኸው፣ ምን ሆንኩ?”

ወሬ እዚያ ቤት እግር አለው። መልበሻ ክፍል ሲደርስ ትሬቨን ጫማውን ሳይፈታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

“ልትናገር ነበር አሉኝ።”

“ታምሜአለሁ፣ ትሬቭ።”

“አውቃለሁ። አጠገብህ የምቆመው እኔ አይደለሁ? አንዱን ትእዛዝ ሁለት ሦስቴ ነው የምትጠራው።” ትሬቨን እጆቹን አየ፤ ጣቶቹ አንዳቸውም ቀጥ ያሉ አልነበሩም። “እኔም ማታ ማታ የልጄ ስም ይጠፋኛል። ማናችን ደህና ነን? አንተ ከዚህ ብትወጣ ሌላ አለህ፣ ጭንቅላት አለህ . . .” ያለውን ራሱ ሰማው። ግን ቃሉን መልሶ አልወሰደም። “እኔ ይሄ ብቻ ነው ያለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አንተ እንዳትመታ እኔ ስመታ ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ አንተ ለኔ ቁም።”

እውነቱን ነው። ዌስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረም።

በጥር መልማዩ ተመልሶ መጣ። ቢሮ ውስጥ ቁጭ አደረገውና አንድ የጨዋታ አሰላለፍ አስረዳው፤ ስለ አባቱና ስለ ወተት ሥራው ትንሽ አጫወተው። ከዚያ “እስቲ ቅድም ያሳየሁህን ሣልልኝ” አለው። ኳርተርባክን ሁሉ እንዲህ ነው የሚፈትኑት። ዌስ ግማሹን ሣለ። መልማዩ የሚያስተዛዝን ፈገግታ ፈገግ አለ፣ “ጥሩ ክንድ አለህ፣ ልጄ” አለ፣ ካፖርቱን ለበሰ። ቬርን ውጭ መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ ነበር።

“ምን አለህ?”

“ጥሩ ክንድ አለህ አለኝ።”

“አላልኩህም?” አለ አባቱ፣ መሪውን በደስታ መታ እያደረገ። እቤት እስኪደርሱ ድረስ ስለ ክንዱ ሲያወራ ሄደ።

በሚያዝያ የመረጠው ቡድን አልነበረም። የቮይትን ኮርስ ስለወደቀ አልተመረቀም። ከምሕንድስና አውጥተው ስፖርት አስተዳደር ከተቱት፤ እዚያ ፈተናው በአብዛኛው ክበብ ማጥቆር ነው። የመጫወቻ ጊዜ አንድ ዓመት ይቀረው ስለነበር ኮች “የኔ ጀግና፣ አንድ ዓመት አለን” አለው። ሰው መቼም ተስፋ ማድረግ አይተውምና፣ ዌስ ሰኔንና ሐምሌን አባቱ ጋ ሄዶ ወተት ሲጭን ከረመ። ከምሳ በኋላ የአንደኛ ዓመት መጽሐፉን አውጥቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ራስ ምታቱ እየለቀቀው መጣ። ኮፍያውን ትቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ቻለ።

ከወተት ማመላለሻው መንገድ ላይ፣ ወንዙ ጋ፣ አንድ አሮጌ የብረት ድልድይ አለ። አባቱን እያስቆመ ከሥሩ ወርዶ ይቆማል። ቬርን ከላይ ሆኖ “ወተቱ ይበላሻል” እያለ ክላክስ ይነፋል። አንድ ጠዋት ከባድ የእህል መኪና ሲያልፍበት ዌስ አንጋጦ እያየ ሳለ፣ የሆነ ነገር የታየው መሰለው። ከብረቱ ወደ ብረቱ ሲሄድ፣ አንዴ ብቻ፣ ብልጭ አለለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆሞ ጠበቀ፤ አልተደገመም። ግን አይቻለሁ አለ። እየተመለሰልኝ ነው አለ።

እናም ከራሱ ጋር ተስማማ። ነሐሴ ሲመጣ ፈተናውን ሳያጭበረብር፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈተናል። አምና ሆን ብሎ ካመጣው ያ የውርደት ውጤት በጣም ከበለጠ፣ ጭንቅላቱ ተመልሷል ማለት ነው። ያን ዕለቱን ሽቅብ ወጥቶ የፕሮፌሰር ቮይትን በር ያንኳኳል፤ ይሳቁበት፣ ይስደቡት፣ ሰሌዳው ፊት ያቁሙት። ካልበለጠ ግን የምሕንድስናውን ደረጃ ዳግመኛ አይረግጠውም። ዶናን አምና ስንት እንዳመጣ ጠይቋት ነበር፤ ቁጥሩን በልቡ ይዞታል። ያችን ብቻ አልረሳም።

ነሐሴ መጣ። ያው ክፍል፣ ያው ወንበር። በሩ ላይ አንዱ ነባር አዲሶቹን ሰብስቦ ይመክራል፤ “ቅርጾቹ ላይ ዝግ በሉ፣ ቃላቱ ላይ እንዳትዘባርቁ፣ ትርፍ አስቀምጡ” ይላል። የዌስ ቃል ነው፣ አንዲትም ሳትቀር። ዌስ አልፏቸው ገባና ተቀመጠ። ደህና ተኝቶ ነበር ያደረው፣ ቁርሱን በልቷል። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጀመረ።

እንደዚያ ቀን ምንም ነገር በርትቶ ሠርቶ አያውቅም፤ ኳስም፣ ድልድይም። እያንዳንዷን ቃል በከንፈሩ እያነበነበ ያዛት። ቀለሙ ሲመጣ ሳይተነፍስ ነካ። ጎረቤቶቹ እያዛጉ፣ ሆን ብለው ጣሪያ እያዩ ይሳሳታሉ፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ ይሠራል። ሲጨርስ ወደ ኋላ ተደገፈ። ጥሩ ሠርቻለሁ ብሎ አሰበ። በጣም ጥሩ እንደሠራ ነበር የተሰማው፣ ፈገግም አለ።

ዶና ከወንበር ወንበር እየዞረች መጣች። ማያውን ጎንበስ ብላ አየች፣ ያምናውን ከጎኑ አወጣች።

“ስንት ነው?” አላት።

“ያው ነው” አለች።

“ያው ምን?”

“ካምናው ጋር ያው ነው፣ ዌስ። ልዩነት የለውም።”

አምና ያመጣው ውጤት ምን እንደነበር በዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው። ዶና ፊቱን አላየችውም። ማያው ላይ እንዳፈጠጠች እጇን ወደ ማጽደቂያው ቁልፍ ሰዳ ተጫነችው።

“አልወረድክም” አለች። “መጫወት ትችላለህ።” ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

ዳክስ የሚባል አዲስ ኳስ ተቀባይ ከጎን ሆኖ ሲያጮልቅ ነበር። “አያችሁ ይሄን ሰው?” አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። “ካምናው ቁርጥ ያው። እኔ ሦስቴ ብሞክር ሦስት ዓይነት ነው የማመጣው። ፕሮፌሰር፣ እንዴት አድርገህ ነው? ንገረንና።”

አዲሶቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከበቡት። ዌስ አያቸው። ሊነግራቸው ፈለገ፤ ምኑን እንደሆነ ግን እሱም አያውቀውም።

“መጀመሪያ” አለ፣ “መጀመሪያ የምታደርጉት . . .”

ጠበቁት። ቀጣዩን ቃል ፈለገ፤ አፉ ላይ ነበር፣ ጠፋ። እጁን አየር ላይ እንዳነሣው ቀረ።

ዳክስ ነው መጀመሪያ የሳቀው። “እያሳየን እኮ ነው” አለ፣ “እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ፊቱን እዩት።” ሁሉም ሳቁ፤ አንዱ አጨበጨበ። ሌላው የዌስን ፊት አስመስሎ እጁን አየር ላይ አቁሞ አፉን ከፈተ፣ ጓደኛውም አስተካከለለት፣ “ትንሽ ዓይንህን አፍዝዘው” እያለ።

ትሬቨን አልሳቀም። ከኋላ መጥቶ የዌስን ሄልሜት ከጠረጴዛው ላይ አነሣለት። ውጭ ፊሽካው ተነፍቷል፣ ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ሜዳው ወጡ። ሜዳው በቀኝ ነው፤ ዌስ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ታጠፈ።

“በዚህ ነው” አለው ትሬቨን፣ ክንዱን ይዞ።